የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ መዋቅሩ ሲከለስ

በኅዳር 2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ቀርቶ ኢትዮ ቴሌኮም ተተካ፤ አስተዳደሩም በውል ለፍራንስ ቴሌኮም ተሰጠ። በአዲሱ መዋቅር ቦታ ያጡት ሠራተኞች በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ይህ እትም የእነሱና የቀሩት ባልደረቦቻቸው ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሜታ 11 ሺህ፣ ጎግል 12 ሺህ ያህል ሠራተኛ እንደሚቀንሱ ሲያስታውቁ፣ ወሬው ፍኖተ ሰላም ቡና ቤቶች ድረስ ዘልቆ ነበር። እኛ ግን ከራሳችን እንጀምር አልን።

ከቡሬ የመጣውን ጽሑፍ እንዳታልፉት አደራ። ጸሐፊው የቀድሞ የስልክ መስመር ሠራተኛ ናቸው። የብረት መወጣጫውን ከጫማቸው ጋር በጠፍር አስረው ምሰሶ ላይ ሲወጡ፣ ክረምት የጠጣው እንጨት እንዴት እንደሚያዳልጥ ሲተርኩ የአንባቢ እጅ ያልበዋል። ስለ ስንብት ደብዳቤው ግን አንዲት አንቀጽ ብቻ ጻፉ። ጨምሩበት ብንላቸው፣ «ከዚህ በላይ ምን አለው?» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ እንዳለ አወጣነው።

የሕግ አምዳችን ደረቅ ቢሆንም ይነበብ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቅነሳ ጊዜ ችሎታና ከፍ ያለ የምርት ውጤት ያለው ሠራተኛ በቅድሚያ ሥራው ላይ እንዲቆይ ይላል። ሚዛኑን የሚይዘው አለቃው መሆኑ ነው እንጂ መልካም ነበር።

ከቅነሳ የተረፉትንም አነጋግረናል። የሄዱትን ሥራ ደርበው የያዙ፣ የጓደኛቸውን ስልክ ማንሳት ያፈሩ አሉባቸው። አብዛኞቹ ስማችን አይውጣ ብለዋል፤ አላወጣነውም።