ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ አስተዳደር ይብቃን!



መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ሥሩ የተጠለሉ ወገኖቻችንን ቀበረ። ከ110 በላይ ሰው አለቀ። ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፣ ባንዲራ ዝቅ ብሎ ተውለበለበ። ይህ ግን ከሰማይ የወረደ መዓት አልነበረም። ቆሼ ለሃምሳ ዓመታት ያህል ቆሻሻ ሲጫንበት ኖሮ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራው ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር። የሰንዳፋ ገበሬዎች ሲቃወሙ መኪኖቹ ተመልሰው እዚያው ክምር ላይ ማራገፍ ጀመሩ። ከሥሩ ጎጆ መኖሩን ሹማምንቱ አላዩም ነበርን? አይተዋል!

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ መርካቶ ሸማ ተራ ነደደ። የእሳት አደጋ መኪና በጠባቡ መንገድ ለመግባት ሲታገል ነጋዴው የዕድሜ ልክ ጥሪቱ አመድ ሲሆን ቆሞ አየ። የመርካቶ መንገድ መጥበብ የዚያን ማታ የተገኘ ምስጢር ነውን? ያው ዓመት ሳይጋመስ፣ በታኅሣሥ፣ በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። የፎቅ ነዋሪው በሌሊት ልጆቹን አቅፎ ደረጃ ልውረድ ወይስ ልቆይ ሲል ቀድሞ ያስተማረው አልነበረም።

ችግሩ የገንዘብ እጥረት ብቻ ነው የሚሉንን አንቀበልም። ለመብራትና ለአበባ የሚገኝ በጀት ለውሃ መቅጃና ለመወጣጫ መሰላል አይጠፋም። መሬት የሚሰጠው፣ ግንባታ የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው አንድ አስተዳደር በሆነበት ከተማ፣ ራሱን የሚከስ ተቆጣጣሪ አይገኝም።

ስለዚህ ብትመርጡን የግንባታና የእሳት ደህንነት ቁጥጥሩን ፈቃድ ከሚሰጠው አካል ነጥለን ለምክር ቤት ተጠሪ እናደርጋለን። የእያንዳንዱ ከባድ አደጋ ምርመራ ውጤት ለሕዝብ ይወጣል። በየገበያው ውሃ መቅጃ ይተከላል፣ የመኪና መግቢያም ይከበራል። አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚገኘው ዕድር ነው፤ ድንኳን ለመትከል ብቻ ሳይሆን ሕይወት ለማትረፍም እንዲችል ለአባላቱ ሥልጠናና መሣሪያ እንሰጣለን።

የወንዝ ዳር ነዋሪውን ግን በግሬደር አናባርርም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ጎርፍ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል። በየወንዙ ዳር ያለውን ቤት ከሰኔ በፊት እንቆጥራለን፤ ተለዋጭ ቤቱን ቁልፍ አስረክበን ነው ተነሱ የምንለው።