ያገለገለ የጭነት ባጃጅ ልትገዙ ነው?

ውድ አርሶ አደሮች፣ የቡናው ብር እጃችሁ ሲገባ ከአጋሮም ከሊሙም "ባለ ሦስት እግር ልግዛ ወይ?" የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እኔ ግዙ ባይ ነኝ፤ ግን በችኮላ አይሁን። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ ይቦካል፣ ጥራቱም ይወርዳል። መንገድ ላይ የቆመ ባጃጅ የዓመት ልፋታችሁን ይዞ ነው የሚቆመው።

ስለዚህ ሞተሩን ቀዝቃዛ እንዳለ አስነሱት፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ተጠራጠሩ። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል። ጎንበስ ብላችሁ ሻንሲውን እዩ፤ ስንጥቅና ብየዳ በቀለም ይሸፈናል። ጭናችሁ ዳገት ላይ ሞክሩት። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። መካኒኩን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ይህ ሳያልቅ ቀብድ የለም!

ብሩንም ሁሉ ለግዢ አትጨርሱት፤ ለጎማና ለጥገና አስቀሩ።