ማይኩን ተዉት፣ አፋችንን እንይ

ባለፈው ዓመት ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን የሃያ ደቂቃ ትረካ ላክሁ። ልጃቸው ዓረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ስለጠፋባቸው አንዲት እናት ነበር። ኤዲተሩ የመለሰልኝ መልስ አጭር ነው፦ «ታሪኩ ጥሩ ነው፤ ግን አፍህ ይሰማል።»

ተናደድኩ። ከዚያ ኢርፎን ሰክቼ ራሴን አዳመጥኩ። እውነቱን ነው። ዓረፍተ ነገር በጀመርኩ ቁጥር «ጧ»፣ በቃላት መሃል «ጠቅ ጠቅ»። የእናትየዋ ለቅሶ እንዳበቃ የሚሰማው የእኔ ምራቅ ነው።

እንደ ብዙዎቻችን በሄድሴቱ አሳበብኩ። የተሻለ ማይክ ተዋስኩ፤ ባሰ! ጥሩ ማይክ አፍን ጨምሮ ሁሉንም አጥርቶ ይሰማል። ጥፋቱ የእቃው አልነበረም። አፍ ሲደርቅ ምራቅ ይወፍራል፤ ምላስ ከላንቃ፣ ከንፈር ከከንፈር ሲላቀቅ ይንጫጫል። ፊት ለፊታችን የተቀመጠ ሰው ይህን አይሰማም። አፋችን ስር የተደቀነ ማይክ ግን ይሰማል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ከቀረጻው አንድ ሰዓት አስቀድሞ ውኃ ጎንጨት ጎንጨት ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ አንድ ጠርሙስ መገልበጥ አይሠራም። ቡናው፣ ቆሎው፣ ጫቱ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ከቀረጻ በኋላ ይድረስ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ከጾም ከወጣችሁ ወይም ካፈጠራችሁ በኋላ ቅረጹ። ጎምዛዛ አፕል መግመጥም ተራኪዎች የሚጠቀሙበት የቆየ ዘዴ ነው።

ማይኩን ከአፍ ፊት አንሱና ሁለት ጣት ያህል አርቃችሁ ወደ ከንፈር ጥግ አድርጉት። ስፖንጁ ትንፋሽን እንጂ ጠቅታን አያስቀርም። ከመናገራችሁ በፊት ደግሞ ከንፈራችሁን ቀድማችሁ ክፈቱ፤ ጠቅታው ከቃሉ በፊት ያልፍና ቆርጣችሁ ትጥሉታላችሁ።

«ሶፍትዌር ያጸዳዋል» የምትሉ አላችሁ። በመጠኑ ያጸዳል። ግን የእኛ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ ራሳቸው ፈንድተው የሚወጡ አጫጭር ድምፆች ናቸው። ማጣሪያው ሲበዛ ከጠቅታው ጋር እነሱንም ያደበዝዛል። በራሴ ቀረጻ ላይ «ጠራ» ያልኩት «ተራ» ወደማለት ሲጠጋ ሰምቻለሁ። ቋንቋችንን ከምናስበላ ውኃ ብንጠጣ ይቀላል።

«ዋናው ይዘቱ ነው» የሚለውም አያሳምነኝም። በማዕድ ላይ ጧ ጧ ማለት ነውር መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ በቁንጥጫ ተምረናል። ዛሬ የምንገባው ገበታ ላይ ሳይሆን ሰው ጆሮ ውስጥ ነው። አድማጭ ተቆጥቶ አይጽፍልንም፤ ዝም ብሎ ይዘጋል። እኛም «ሕዝቡ ቁም ነገር አይወድም» እያልን እናማዋለን።

ትረካውን እንደገና ቀርጬ፣ ዘግይቶም ቢሆን ተላለፈ። እስከዚያ ድረስ እናትየዋ እየደወሉ «ልጄ፣ መቼ ነው የሚሰማልኝ?» ይሉኝ ነበር። «እየተስተካከለ ነው እማማ» እላቸዋለሁ። ምን እየተስተካከለ እንደሆነ ለመናገር ግን አፍሬ ነበር።

ዛሬ ማታ የመጨረሻ ቀረጻችሁን በኢርፎን ስሙት። ከዚያ ስለ ማይክ እናወራለን።