ድርሰት በ40 ደቂቃ

በዘንድሮው መጽሔታችን አሳቤን እንድገልጽ ቦታ ስለ ተሰጠኝ፣ ስለ ድርሰት ፈተናና ስለሚሰጠው ሰዓት ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ።

በብዙ ትምህርት ቤት የድርሰት ፈተና የሚሰጠው በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ማለት በ40 ደቂቃ ነው። ከዚህ ላይ ስም የሚጠራበት፣ ወረቀት የሚታደልበትና ርእሱ በሰሌዳ የሚጻፍበት ይቀነሳል። በቀረችው ጊዜ ተማሪው አሳቡን ይፈልጋል፣ ያሰናዳል፣ ይጽፋል፣ ያርማል ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን ማሰናዳቱም ማረሙም አይደረግም። ፊት የመጣው አሳብ ይጻፋል፤ ደወል ሲደወል ወረቀቱ ይነሣል።

በቡሌ ሆራ ላለነው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አብዛኞቻችን በቤት የምንናገረው ኦሮምኛ ነው፤ በገበያ አማርኛም ይሰማል፤ ድርሰቱ ግን በእንግሊዝኛ ይጠየቃል። ከእኔ ጋራ በአንድ ወንበር የምትቀመጥ ልጅ አለች። ስለ ድርቅና ስለ ከብት ስትናገር ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ብሎ ይሰማታል። ወረቀቷ ግን ሁልጊዜ ከመካከል የተቆረጠ ነው። አሳቡ ሳይጎድላት ቃሉን ስትፈልግ ደቂቃው ያልቅባታል። ታዲያ ዝቅተኛ ማርክ ስታገኝ የተለካው ችሎታዋ ነውን? እኔስ ፍጥነቷ ነው እላለሁ።

ኢልትስ የተባለው የእንግሊዝኛ ፈተና እንኳ 250 ቃል ለሚሆን ድርሰት 40 ደቂቃ ያህል እንዲውል ይመክራል፤ ያውም ስም መጥራት ሳይቀነስበት! በፈረንሳይ አገር ተማሪው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ ለፍልስፍና ጽሑፉ 4 ሰዓት ይሰጠዋል። በአገራችንም የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው ለብቻው ገለል ብሎ ነው፤ ለመምህሩ የሚነግረው ካበሰለው በኋላ ነው።

«የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም እኮ በሰዓት ነው» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት የጀመረው ይህ ፈተና መልስ መምረጥ እንጂ ድርሰት መጻፍ አይደለም። እንግዲያውስ ጽሕፈታችን በውል የሚመዘነው በክፍላችን ብቻ ስለ ሆነ፣ እዚሁ በደንብ ሊመዘን ይገባል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ የመምህራን ድካም ነው። ብዙ ተማሪ ያለበት ክፍል ሁሉ ሦስት ሦስት ገጽ ቢጽፍ መቼ ታርሞ ያልቃል? ወደ ቤት ይወሰድ ቢባልም ታላቅ ወንድም ይጽፈዋል፤ በዛሬ ጊዜማ ስልኩ ራሱ ይጽፈዋል።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ፈተናው በክፍል ይሁን፤ ርዝመቱም ከአንድ ገጽ አይለፍ። በመጀመሪያው ቀን ረቂቁ ተጽፎ በመምህሩ እጅ ይቆይ፤ በሁለተኛው ቀን ተመልሶልን አርመን በንጹሕ እንገልብጠው። ፍጥነትን መለካት ካስፈለገ በመንፈቀ ዓመት አንድ ጊዜ ይደረግ፤ ስሙም የፍጥነት ፈተና ይባል። የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በሳምንት ከአንድ በላይ ስለ ሆነ፣ ለዚህ ሌላ ሰዓት መፈለግ አያሻም።