ሽማግሌ የተመለሰበት ቤት

በመካነ ሰላም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጥቂት ቤተሰቦች ጋር እየተሰበሰብን፥ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንብበን ጨረስን። ታሪኩ ከዓባይ ማዶ በጎጃም የሚፈጸም ስለሆነ፥ አንዳንዱ አድማጭ የጎረቤት ወሬ እንደሚሰማ ሆኖ ያዳምጥ ነበር።

ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚመጥናት የለም እያሉ ሽማግሌ ስለ መለሱ የሰብለ ወንጌል የመዳሪያ ዕድሜ አለፈ፤ በዚህም ሁሉም ፊታውራሪን ነቀፈ። በዛብህን ግን፥ የድኃ ልጅ ቢሆንም፥ ሁሉም ወደደው፤ የቤተ ክህነት ተማሪ ነበረና እኛም በድቁና ያደግን ስለሆንን አዳላንለት።

በዚያን ጊዜ አንድ አባት «ዘር መቁጠር የአባቶቻችን ሥርዓት አይደለምን?» አሉ። እኛም እስከ ሰባት ትውልድ የሚቆጠረው የሥጋ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው እንጂ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን ከደጅ ለመመለስ አይደለም አልናቸው። መልሳችን የመምህር መልስ ነበረ፤ የማንንም ልብ አልነካም።

እስከዚያ ድረስ ነጠላቸውን ተከናንበው ዝም ብለው የነበሩ አንዲት እናት ቀና አሉና፥ «እኔ ዓምና የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው ብዬ ሽማግሌ መልሻለሁ» አሉ። «ልጄ አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ቡናውን አፍልታ ትሰጠኛለች እንጂ አብራኝ አትጠጣም።»