ሥርዓቱን የሳተ የልብ ትርታ

የትንሣኤ በዓል ሲደርስ ዘመድ ከያለበት ይሰባሰባል። ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ ከሚወርደው ወንዝ ጋር ስም የምትጋራው ቡልቡላም በሐዋሳው መንገድ የሚመለሱ ልጆቿን ትቀበላለች። በዚህ ዕለት የወላጆችን ጤና መጠየቅ የቆየ ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ «ደኅና ነኝ» የሚለው መልስ ሁልጊዜ የልብን ሁኔታ አይገልጽም።

ሐኪሞች «ኤትሪያል ፊብሪሌሽን» በሚሉት ሕመም የልብ የላይኛው ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸውን ትተው ይርገበገባሉ። በዚያ የሚዘገየው ደም ይረጋል፤ የረጋውም ተነሥቶ ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ ያስከትላል። ሕመሙ የስትሮክን አደጋ 5 እጥፍ ገደማ ያሳድጋል። ብዙዎች ድካሙን ለእርጅና ይሰጡታል፤ ከነጭራሹ ምንም የማይሰማቸውም አሉ።

ይህ የሩቅ አገር ሕመም አይደለም። ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ የጅማ ከተማ ነዋሪዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከመቶ 4.3 የሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው አመልክቷል፤ ከ1,000 ሰው 43 ማለት ነው። ዕድሜ በገፋ መጠን ሕመሙ ይበዛል። የደም ግፊት ዋነኛ መነሻው ሲሆን፣ በአገራችን በልጅነት ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው የልብ ቫልቭ ጉዳት ወጣቶችን ጭምር ለዚሁ ይዳርጋል።

በዓሉም ከነገሩ አይርቅም። ያለ ልክ መጠጣት ጤነኛ የሚመስለውን ልብ እንኳ ሥርዓት ሊያስት ይችላል። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ለሚወስዱ ሰዎች ደግሞ የምግብ መለዋወጥ ራሱ ብርቱ ጉዳይ ነው። በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል፤ በ55ቱ ቀን ጾም ጎመን ያዘወተረ ሰው በፋሲካ ድንገት ሲተወው መድኃኒቱ በርትቶበት ለመድማት ሊጋለጥ ይችላል። ስለዚህ ጾሙ ሲገባም ሲፈታም ሐኪምን ማማከርና ደምን ማስመርመር ይገባል። ጾምም ሆነ ጠበል መድኃኒት አቋርጡ አይልም። በራሱ ፈቃድ ያቋረጠ ሰው የተጠበቀበትን አደጋ መልሶ ይጠራል።

እኛ የምንለው ይህ ነው። የእጅ አንጓን በሁለት ጣት ይዞ ለአንድ ደቂቃ ትርታን መቁጠር ከሰዓት በቀር መሣሪያ አይሻም። ትርታው አንዴ ሲፈጥን አንዴ ሲዘገይ ከተገኘ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ሕመሙን ያረጋግጣል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት እናቶችንና ሕፃናትን በየደጃፋቸው እንደደረሰላቸው ሁሉ፣ 40 ዓመት ያለፋቸውንም ትርታቸውንና የደም ግፊታቸውን በመለካት ሊደርስላቸው ይገባል። መድኃኒት የተጀመረለት አረጋዊ ለእያንዳንዱ የደም ምርመራ ሩቅ ከተማ የሚመላለስ ከሆነ ሕክምናው በወረቀት ላይ ይቀራልና፣ ምርመራው እንደ ቡልቡላ ወዳሉ ትናንሽ ከተሞች ይቅረብ። ስትሮክ የጣለውን አባት ከማስታመም፣ ሳይወድቅ ትርታውን ማዳመጥ ይቀላል።

መልካም በዓል።