ከውዳሴ የሚቀድም ዕዳ

የጦር አብራሪ ታሪክ በኢትዮጵያ ሲተረክ ተጀምሮ የሚያልቀው ሰማይ ላይ ነው። ስንት ጊዜ እንደ በረረ፣ ምን እንደ መታ፣ እንዴት እንደ ወደቀ ይነገርና ትረካው ይዘጋል። ከአውሮፕላኑ ከወረደ በኋላ በምን ሙያ አደረ? ልጆቹን ማን አሳደገ? ባለቤቱስ ስንት ክረምት በር በሩን ስታይ ኖረች? ይህ ሁሉ “የቤተሰብ ጉዳይ ነው” ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ ያለው አተራረክ ጀግናን የሚያከብር ይመስላል፤ በተግባር ግን የመንግሥትን ዕዳ ይሸሽጋል።

የሁለት አብራሪዎችን ዕጣ ማነጻጸር ይበቃል። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በኦጋዴኑ ጦርነት ኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላን ያበሩ ነበር። ተማርከው ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታሰሩ። ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. ሲስማሙ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የጀግና ሜዳይም ተሸለሙ። እጅግ ቢዘገይም ከምርኮ በኋላ የሚኖሩት ዕድሜ አገኙ።

ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ይህ አልደረሳቸውም። በ1970ዎቹ ዓመታት ኤርትራ ውስጥ በሻዕቢያ ተማርከው የተረፉት እኒህ አብራሪ፣ በግንቦት 1990 ዓ.ም. መጨረሻ በአስመራ ላይ በተካሄደው የአየር ድብደባ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ለሁለተኛ ጊዜ ተማረኩ። በሕይወት መያዛቸው በጊዜው ይፋ የወጣ ነገር ነው። በታኅሣሥ 1993 የአልጀርስ ስምምነት ተፈረመ። በ1994 እና በ1995 ምርኮኞች ወደየአገራቸው ገቡ። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች የጦርነት ዘመን ማብቃቱ አስመራ ላይ ታወጀ። እሳቸው ግን አልተመለሱም።

ኤርትራ የጄኔቫን ስምምነቶች የተቀበለችው በነሐሴ 1992 ስለሆነ አስቀድሞ ለሆነው አትጠየቅም የሚል ካለ፣ የይገባኛል ጥያቄዎች ኮሚሽን በሰኔ 1995 የሰጠውን ውሳኔ ያንብብ። ኮሚሽኑ ስምምነቶቹ በአመዛኙ ማንኛውንም መንግሥት የሚያስገድዱ ልማዳዊ ሕግ መሆናቸውን ገልጾ፣ የቀይ መስቀል ተወካዮች ምርኮኞቹን እንዳይጎበኙ በመከልከሏ ኤርትራን ተጠያቂ አድርጓል።

“ወታደር ሲምል ሞትንም ምርኮንም ተቀብሎ ነው” የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ወታደሩ ምሏል። የላከው መንግሥትስ በምን ማለ? ሌሎች ደግሞ ጥያቄው ዕርቅን ያደፈርሳል ይላሉ። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው አስቀድሞ የሚጠየቀው የሆነውን ሁሉ እንዲናገር አይደለምን? የአዲስ አበባና የአስመራ ግንኙነት ሲሞቅ “ጊዜው አይደለም”፣ ሲሻክር ደግሞ “ሰሚ የለም” ከተባለ፣ የሚጠየቅበት ቀን መቼም አይመጣም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲወሰን መጠየቅ ይፈቅዳል። ፍርድ ቤት መዝገብ መዝጋት ይችላል፤ ለልጅ ግን የአባቱን መቃብር ሊያሳየው አይችልም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ተዝካር ለማውጣት ኀዘኑ አልተረጋገጠለት፣ ለመጠበቅም ተስፋው አልጸናለት።

ዕዳው በምርኮኛ ብቻ አያበቃም። በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ። የተዋጊ ጄት የበረራ ሰዓት ብቻውን የመንገደኛ አውሮፕላን አያስበርርም፤ የሲቪል ፈቃድና ለአውሮፕላኑ ዓይነት የተለየ ሥልጠና ያስፈልጋል። ከደብረ ዘይት የጦር ሰፈር ወጥቶ እንጀራ ለሚፈልግ አብራሪ ይህን መሸጋገሪያ ሳያበጁ “ጀግናችን” ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

እንግዲህ ለኮሎኔል በዛብህ ሌላ ውዳሴ ከመጻፉ በፊት የኢትዮጵያ መንግሥት የአስመራን መንግሥት በይፋና በስማቸው ይጠይቅ። በሕይወት ካሉ ይመለሱ፤ አርፈው ከሆነም ቀኑና መቃብራቸው ይነገር። መልሱንም ከጋዜጣ አስቀድሞ ቤተሰባቸው ይስማው።